የኅዳር ጽዮን ቁልፍ

ከሥራ ያባረረኝን ሰውዬ ዛሬም ሳስበው ሳቄ ይቀድማል፤ ንዴቱ ኋላ ነው የሚመጣው። ሥራ አስኪያጅ ነበር። ዘመሮ ላይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ አንድ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሠራ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ይነግዳል፣ ይሄኛው ደግሞ እዚህ ተጎልቶ ያዛል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማኅተም ደርድሮ ነበር፤ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ዘመኑ የስብሰባና የግምገማ ዘመን ነበርና፣ ወረዳው አንድ ሁለት ጊዜ ለሥልጠና ወስዶ ከመለሰው ወዲህ አፉ ተበላሸ። "ከዚህ አኳያ" ሳይል ደህና አደራችሁ ማለት አቃተው። ፈታይ ሴቶቹን ይሰበስብና፣ ከአፈጻጸም አንጻር ሲታይ ክሩ ላይ የመወፈር አዝማሚያ ይስተዋላል ይላቸዋል። ክራችሁ ወፈረ ለማለት እኮ ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ እሱ ያፈሩ ይመስለዋል።

እኔ የተቀጠርኩት ጠጉር ተረካቢ ሆኜ ነው። ገበሬው ከጓሳ ዙሪያም፣ ከቀየትም የሸለተውን የበግ ጠጉር በኬሻ ያመጣል። እኔ እጄን እስከ ክርኔ እከትና አያለሁ፤ ጭቃና እሾህ ያለበትን እመልሳለሁ፣ ንጹሑን መዝኜ እቀበላለሁ። ይህን ለማወቅ የትም አልተማርኩም። አባዬ ባና ሠሪ ነበሩ። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ዕድሜ ልካቸውን ሲሸምኑ ኖሩ፤ ኋላ ቁርጥማት ጉልበታቸውን ያዘውና ሥራውን ተዉት። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣልኝም። ስለዚህ ያ ሥራ ለእኔ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ አልነበረም። የሁለታችን እንጀራ ነበር፤ ደግሞም በዚህ ምድር ላይ በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርለት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

የጀመርኩት ኅዳር 16 ቀን ነው። ሰውዬው ወረቀት አቀረበልኝና አርባ አምስት ቀን በሙከራ ላይ ነሽ፣ ካላረካሽኝ ያለ ምንም ጣጣ ትሰናበቻለሽ አለኝ። ወረቀቱ ላይ ሥራ የምጀምርበት ቀን ክፍት ነበር። ብጠይቀው ጸሐፊዋ ትሞላዋለች አለ። መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ የሚባል ፍጡር የለውም። ይህን እያወቅኩ ፈረምኩ። ሰውዬውን እንዲህ ስሰድበው የራሴንም ሞኝነት መርሳት የለብኝም፤ ክፍት ቀን ላይ የፈረመች ሴት ሌላ ሰው ለመስደብ ብዙ መብት የላትም። ቢሆንም እሰድበዋለሁ።

በስድስተኛ ቀኔ ኅዳር ጽዮን ዋለች። በእኛ አገር በዚያ ቀን ሥራ የነካ ሰው ጦሱ ለራሱ ብቻ አይደለም የሚተርፈው፤ በረዶ ቢወርድ፣ ውርጭ ቢመጣ፣ ማን ነው በዓል የሻረው ተብሎ በየቤቱ ይጠየቃል። ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ መጣ። ዘበኛው የድሮ ወታደር ነው፤ ጆሮውን መድፍ ስላደነቆረው ሲያንሾካሹክ እንኳ ማዶ ይሰማል። ከደብረ ብርሃን መኪና መጥቷል፣ ሥራ አስኪያጁ ባናውን ታስጭን ብለዋል አለኝ። እሳቸውስ የት ናቸው አልኩት። ሊያስቀድሱ ሄደዋል አለ።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። ቁልፉ የእሱ፣ ትእዛዙ የእሱ፣ ጭነቱ የእሱ። ኃጢአቱን ግን ለእኔ ላከልኝ። እሱ ነጭ በነጭ ለብሶ ከፊት ተሰልፏል፤ እኔ የሙከራ ሠራተኛ ነኝና እምቢ ብል በማግስቱ ደጅ ነኝ። ሄድኩ፣ ከፈትኩ፣ ከመኪናው ጋር ለመጡት ጫኞች ባናውን አንድ በአንድ አስረከብኩ። ቀና ስል አባዬ ከሰው ሁሉ ቀድመው ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ ቆመው ያዩኛል። አልተጣሩም፣ አልተቆጡም፤ አይተውኝ አለፉ።

አባዬ የማርያም ማኅበር ሙሴ ነበሩ። በየወሩ በሃያ አንድ ጽዋውን የሚያነሡት፣ ማኅበርተኛውን የሚያስታርቁት፣ በዓል ያላከበረውን የሚገሥጹት እሳቸው ናቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። በዚያው ሰሞን የዘገየውን ገብስ ውርጭ መታው። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ጽዮንን የሻረ ሰው ያያችሁ ተናገሩ ሲባል አባዬ መሬት መሬቱን አይተው ዝም አሉ። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። በዚያን ጊዜ እኔ የማውቀው ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጦ አንድም ቃል እንደማይሰማ ብቻ ነበር።

ሥራዬን እንግዲህ እንደምንም ይዤ ቀጠልኩ። ጥምቀት አለፈ። ጥር 14 ቀን ጠዋት የሥራ አስኪያጁ የሚስቱ ወንድም አራት ኬሻ ጠጉር ጭኖ መጣ። እጄን ስከት ቀዘቀዘኝ። ጨመቅኩት፣ ውሃው በጣቶቼ መሃል ወረደ። ሚዛን እንዲደፋለት አርሶት ነው የመጣው። ይሄ ጠጉር ውሃ ጠጥቷል፣ አድርቀህ መልሰው አልኩት። ሰውየው የማን ወንድም እንደሆነ ነገረኝ። የማንም ወንድም ቢሆን ጠጉሩ አይደርቅም አልኩ። ፈታዮቹ ሳቁ። ከምሳ በፊት ደብዳቤ ደረሰኝ።

ደብዳቤው በሦስቱም ማኅተም ተረግጧል፤ የማይሠሩት ሁለቱ እንደ ጭቃ እግር ሆነው ተጨማልቀዋል። በሙከራ ጊዜሽ በተደረገው ክትትልና ግምገማ የሱፍ ዕውቀት የሌለሽ፣ ለሥራው ብቃት የሌለሽና የአመለካከት ችግር ያለብሽ ሆነሽ ስለተገኘሽ በአርባ አምስተኛው ቀን ተሰናብተሻል ይላል። የሱፍ ዕውቀት የሌለሽ! ክርና ክረምትን የማይለይ ሰው ጻፈልኝ። ተናደድኩ፤ ግን ደግሞ ፈራሁ። በዚህ ወረቀት ማን ነው ሁለተኛ የሚቀጥረኝ?

በማግስቱ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄድኩ። ከአጥሩ ሥር ባሕር ዛፍ ተደግፈው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በፊት መዝገብ ቤት ሠርተዋል፤ ሕጉን ከጠርዙ የተበላ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በጣታቸው እየሄዱ ያነባሉ። ደብዳቤዬን አነበቡና ስንት ቀን ሠራሽ አሉኝ። አርባ አምስት አልኩ። ቁጠሪው አሉ። ቆጠርኩ፤ እሑዶቹን ትቼ፣ ጽዮንን፣ በአታን፣ ገብርኤልን፣ ገናን፣ ጥምቀትንና ቃናን ዘልዬ፣ በትክክል አርባ አምስት መጣልኝ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰውዬው አንቺን ያባረረበት ቆጠራ ይሄው ነው" አሉኝ። "ሕጉ ግን ተከታታይ ቀን ይላል። ሕጉ ማርያምን አያውቅም፣ ገብርኤልን አያውቅም። በይ እንደገና፣ ምንም ሳትዘልዪ።"

ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። የሙከራዬ ጊዜ ያለቀው ታኅሣሥ 30፣ በገና ማግስት ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉትን አሥራ አራት ቀናት እኔ የሙከራ ሠራተኛ አልነበርኩም፤ ቋሚ ነበርኩ። ቋሚን ሠራተኛ ደግሞ አላረካሽኝም ብሎ ከምሳ በፊት ማባረር አይቻልም፤ በቂ ምክንያት ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ሥልጠና ለሥልጠና ሲዞር ይህችን አንዲት መስመር የነገረው የለም፤ እንደ እኔው፣ እንደ አገሩ ሰው፣ በዓልን ቀን ነው ብሎ አልቆጠረም። ሽማግሌው ማመልከቻውን ጻፉልኝ፦ ስንብቱ ሕገወጥ ይባልልኝ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ፣ ደብዳቤው ይሻርልኝ። እየዘለልኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

አባዬ ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። ከድርጅት ሰው ጋር መካሰስ አላማራቸውም፤ በዓል እንደ ሥራ ቀን ይቆጠርልኝ ብሎ መክሰስ ደግሞ ጭራሹን አስቀየማቸው። የማርያምን ቀን ለደመወዝ ማስቆጠር ነው አሉ። እኔም ማርያም አልተከሰሰችም፣ የተከሰሰው ሰውዬው ነው አልኩ። እንዲህ ተቀያይመን ቀጠሮው ደረሰ።

ያ ዓይኑን በጨው ያጠበ ፍጡር ማመልከቻዬን አንብቦ ስህተቱን አውቆታል። ፍርድ ቤት የቀረበው ያንኑ የፈረምኩበትን ወረቀት ይዞ ነው፤ ክፍት የነበረው ቀን ተሞልቷል። ታኅሣሥ 1 ይላል። ከታኅሣሥ 1 እስከ ጥር 14 አርባ አራት ቀን ነው። አያችሁልኝ? እውነት ሲቆጥር በዓል ዘሎ የተሳሳተ ሰው፣ ሊዋሽ ሲነሣ ጊዜ ቆጠራው ሰላለት። ዳኛው ወጣት ነበር፤ የሰፋ ኮት ለብሷል፣ ግን ረጋ ያለ ሰው ነው። ፊርማው ያንቺ ነው ወይ አለኝ። የእኔ ነው አልኩ። እንግዲያው ከዚያ በፊት መሥራትሽን የሚያስረዳ ምስክር አምጪ ብሎ በአሥራ አምስት ቀን ቀጠረኝ።

ፈታዮቹ ጋ ሄድኩ። አለቀሱልኝ፤ ልቅሶአቸው የእውነት ነው፣ ግን ልጆቻችንን ማን ያበላልናል አሉ። አልፈረድኩባቸውም። ዘበኛው ጋ ሄድኩ። ቁልፉን ያመጣህልኝ አንተ ነህ፣ መስክርልኝ አልኩት። እጁን ከጆሮው አስደግፎ "ምን አልሽ?" አለኝ። ደገምኩለት። "ምን አልሽ?" አለ። አምስት ጊዜ ጮህኩ፣ አምስት ጊዜ አልሰማም። የደመወዝ ቀን ሲጠሩት ግን ከታችኛው ሰፈር ይሰማል።

ቤት ገብቼ ትቼዋለሁ አልኩ። ደብዳቤውን ምድጃው አጠገብ ወረወርኩትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባዬ አነሡት። እስከዚያ ድረስ አንብበውት አያውቁም ነበር። ወረቀት የሚያነቡት እንደ ዳዊት ነው፣ እየጎተቱ፤ የሱፍ ዕውቀት የሌለሽ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሁለተኛ አነበቡት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ጠጉር ያሳየሁሽ እኔ አይደለሁም?" አሉኝ።

እርስዎ ነዎት አልኳቸው።

"ቀጠሮው መቼ ነው?"

በዚያች ጥያቄ ምን ለማለት እንደፈለጉ ገባኝ። ከዘበኛው ሌላ በጽዮን ቀን ስሠራ ያየኝ የአገር ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን በአደባባይ ከተናገሩ ውርጩን ያመጣችው የሙሴው ልጅ ናት፣ ሙሴውም አውቆ ሸሸገ ይባላል። አይምጡ አልኳቸው፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ አልኩ፤ ዋሽቼ ነው። ዱላቸውን አነሡና ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኝ ወጡ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ግማሹ የመሬት ክርክር ያለበት የማኅበራችን ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል፤ ትልቅ ጉዳይ የሚጠብቀው ሰው ለመምሰል። አባዬ ማሉ። ዳኛው ልጅዎን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስትሠራ መቼ አዩ አላቸው።

"በኅዳር ጽዮን" አሉ አባዬ። "ከቤተ ክርስቲያን ስወርድ መጋዘኑን ከፍታ ባና ስታስጭን አየኋት። አይቼ ዝም አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝም ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። አንዲት ሴትዮ አማተቡ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ አባዬን በሕይወቴ እንደዚያ ትንሽ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፣ ያደረግኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ ጊዜ ዝም ቢል ኖሮ ሥራ አስኪያጁ ምናልባት ያመልጥ ነበር። የአባት ምስክርነት ነው፣ አይታመንም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ግን ሕዝብ ፊት ጻድቅ የመሆን ዕድል አገኘና መቻል አቃተው። ብድግ አለ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጽዮንን የሻረችው ማን እንደሆነች ይኸው ታወቀ። እኔ ያን ቀን ሳስቀድስ ነበር። ቁልፉን ብልክላትስ? ክርስቲያን ከሆነች እምቢ ማለት ነበረባት።"

ዳኛው ብዕሩን ቀና አደረገ። ቁልፉን የላኩላት በየትኛው ቀን ነው አለው፣ በጣም በትሕትና። በጽዮን አለ ሰውዬው፣ ገና ሕዝቡን እያየ። ዳኛው ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን አነሣና፣ ታኅሣሥ 1 ቀን ለተቀጠረች ሠራተኛ በኅዳር 21 ቀን የመጋዘን ቁልፍ ለምን ተላከላት ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው አፉን ከፈተ፤ "ከዚህ አኳያ" አለ፤ ከዚህ አኳያ ግን ምንም አልመጣለትም። ቁጭ አለ።

ከጽዮን ብቻ እንኳ ቢቆጠር ሃምሳ አራት ቀን ነው። በቀጣዩ ቀጠሮ ተፈረደልኝ፦ ስንብቱ ሕገወጥ ነው፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ደብዳቤው ተሽሯል። ማመልከቻ ጻፊው ሽማግሌ የፍርዱን ግልባጭ እንደ ሙሽራ ጠቅልለው ሰጡኝ። ተመልሼ ሚዛኔ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚስቱ ወንድም ጠጉሩን ፀሐይ ላይ አድርቆ አመጣው፤ ሁለት ኬሻ ተኩል ሆኖለት ነበር።

ማኅበሩ ግን አባዬን በሙሴነታቸው አላስቀመጣቸውም። ተሻሩ አላሏቸውም፤ ደክሞዎታል፣ ይረፉ አሏቸው። ጽዋውን ከቤታችን ወሰዱት። ለማን ሰጡት? ለሥራ አስኪያጁ። በጽዮን ቀን ሲያስቀድስ ሁሉም አይቶታላ። ቁልፉን መላኩን በገዛ ጆሯቸው ሰምተው፣ የያዘችውን እንጂ የላከውን የሚያስብ ጠፋ። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ የባሰበት ሆነ፤ በግምገማ ቋንቋ ላይ ግዕዝ ጨመረበት። አባዬ በየሃያ አንዱ ቤት ይቀመጣሉ፤ ከሸማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆነው ሥራ የፈታውን የሸማ ዕቃ ያብሳሉ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመቱ ዞረ፣ ኅዳር ጽዮን ደረሰች። ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል ዘበኛው ቁልፉን ይዞ መጣ። መኪና መጥቷል፣ ባለፈው የለመደችው ነገር ነው፣ ትክፈት ብለዋል አለኝ። እንዲህ ነው ያለው፣ የለመደችው ነገር። ቁልፉን አልነካሁትም።

"ለጌታህ መልስላቸው" አልኩት። "እምቢ ማለት ነበረባት ብለው ፍርድ ቤት ተናግረዋል፣ እምቢ ብላለች በላቸው።"

ይህንን በአንዴ ሰማው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጣ፤ እኔም ተከትዬው ደረስኩ። ማኅበርተኛው ከዛፉ ሥር ተሰብስቧል፤ አዲሱ ሙሴ ዳቦውን ሊቆርስ ቢላዋ ይዟል። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንሾካሾከለት፣ ግቢው ሙሉ ሰማ፦ የመጋዘኑ ቁልፍ ነው ጌታዬ፣ መኪናውን አላስጭንም ብላለች፣ እርስዎ ፍርድ ቤት እንዳሉት እምቢ ብላለች። ሰውዬው ምን መኪና አለ፤ ቁልፉ ግን መዳፉ ላይ ነው፣ ዳቦው ደግሞ ጭኑ ላይ። የቆረሰውን የሚቀበለው ጠፋ። ያን ጊዜ ችሎት ላይ ያማተቡት ሴትዮ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

በማግስቱ ይጠራኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ማኅተሞቹን ይደረድራል፤ አየኝ፣ ቀና አለ፣ ከዚህ አኳያ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ምን ይላል? የሙከራ ሠራተኛ አይደለሁም።

ያን የጽዮን ዕለት ግን ከግቢው ቀጥታ ወደ ቤት ነው የሄድኩት። አባዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሆነውን ነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና መኪናው ሄዷል ወይ አሉኝ። ገና ቆሟል አልኳቸው። ጋቢያቸውን ደረቡ፣ ዱላቸውን ያዙና በዚያ ጉልበታቸው አቀበቱን ወጡ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ አሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚወርደው ሰው ሁሉ እያየ እጅ ነሥቷቸው አለፈ። ሊመሻሽ ሲል ተመለሱ።

"ባዶውን ሄደ" አሉኝና ጫማቸውን አወለቁ።